ቴክ ከነሠራዊቷ

መምህር ላቀው እንግሊዝኛን የሚያያት እንደ ርስቱ ነበር። መሬቱም ቤቱም በዐዋጅ በተወረሰ በሁለተኛው ዓመት፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ደባርቅ ላይ ሳይወረስ የቀረ ነገር ቢኖር የላቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከውጭ ደብዳቤ ቢመጣ እሱ ያነባል፤ ወደ ስሜን ተራራ የሚያልፍ ፈረንጅ ቢገኝ እሱ ያናግራል። ሦስት ቻይናውያን ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው «እንግሊዝኛችንን የሚያሻሽልልን አስተማሪ ስጡን» ሲሉም ከተማው ሁሉ ዞር ብሎ ያየው ላቀውን ነበር። እሱም ከረባቱን አጥብቆ ሄደ።

ነገር ያመጣችው «ቴክ» የምትባል፣ ዋና ፍቺዋ «መውሰድ» የሆነ የእንግሊዝኛ ግስ ናት። እንግሊዝ ክኒን ለመዋጡም፣ ሙቀት ለመለካቱም፣ ካፖርት ለማውለቁም፣ አውቶቡስ ለመሳፈሩም የሚልከው እሷኑ ነው፤ ቻይናውያኑ ግራ ገባቸው። ላቀው የሰዋስው መጽሐፉን ገልጦ ሃያ ሦስት ትርጉም በጠመኔ ደረደረና «በቃላችሁ ያዙ!» አላቸው። በሳምንቱ ከሦስቱ አንዱ ዶክተር ሹ፣ መድኃኒት ሁሉ በቴክ ይሰጣል ብሎ የያዘው ምስኪን፣ ከአዲ አርቃይ ለመጡ አንዲት እናት የዓይን ጠብታ ሲያዝ ቴክ አለ። የሚያስተረጉመው የጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ «ይጠጡት ብለዋል» ብሎ ተረጎመ። እናትም ብልቃጡን እዚያው ጨለጡት። ደግነቱ ከምሬቱ በቀር የደረሰባቸው ነገር የለም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር አረጋሽ ነገር አታበዛም። ትምህርቱን ከላቀው ወስዳ ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ለመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሰጠች።

ላቀው በቅናት የታመመው ያን ጊዜ ነው። መሪጌታ ደረስጌ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የደብሩ መሬት ሲወረስ ወደ ደባርቅ ወርደው ካርድ ጸሐፊ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛውን ያስቆጠራቸውስ ማን ሆነና? ራሱ ላቀው፣ በማታ ትምህርት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ! አንድ ፊደል ያስቆጠረ የኔታ ነው ብለው መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋሉ፣ የኔታ» ይሉታል። ድሮ ደስ ይለው ነበር። አሁን ግን ስድብ መሰለው።

ቅናቱ ቢያንገበግበው አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ በጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ቆሞ አዳመጠ። መሪጌታ ሐኪሞቹን አስነሥተው አቁመዋቸዋል።

«በእኛ በቅኔ ቤት ግስ አለቃ አለው፣ ከኋላው የሚከተል ሠራዊት አለው» ይላሉ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ይህች ቴክ አለቃ ናት። ሠራዊቷን ሳታዩ አወቅናት አትበሉ። እስቲ ዶክተር ሹ፣ በአገርዎ ክኒን ምን ይደረጋል?»

«ይበላል።»

«ሙቀትስ?»

«ይለካል።»

«አውቶቡስስ?»

«እንቀመጥበታለን።»

«መልካም፤ የእናንተን ከእንግሊዙ ጎን ጻፉት።»

ሦስቱም በየደብተራቸው በገዛ ፊደላቸው ጻፉ። ከዚያ መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ በዜማ ሲያወርዱ ሐኪሞቹ ይቀበላሉ፤ ክኒን ሲባል እጅ ወደ አፍ፣ ሙቀት ሲባል ወደ ብብት፣ ካፖርት ሲባል ወደ ትከሻ። የዓይን ጠብታ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ጣታቸውን ነቀነቁና «ይቺስ የቴክ ሠራዊት አይደለችም፤ ሌላ አለቃ አላት» አሉ። ሐኪሞቹ «እሺ፣ የኔታ» ብለው ሳቁ። ከላቀው ጋር አንድ ቀን እንኳ ስቀው አያውቁም።

ላቀው ያን ጊዜ «እኔ በአገራችሁ ምን ትላላችሁ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያምር ነበር። ቅናት ግን ራስን ለመጠየቅ ፋታ አይሰጥም። ላቀው ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ በቀጥታ ቀበሌ ገባና ሊቀ መንበሩን ቢራራን አገኘው።

«ጓድ ቢራራ፣ መሪጌታ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መቋሚያ ይዘው ለውጭ ሐኪሞች የደብተራ ዜማ እያስተማሩ ነው።»

«እኒያ የደረስጌው ሰውዬ?»

«አዎ። በዚያ በኩል ዘመድም ይበዛቸዋል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ለምን እንደ ጨመራት ራሱም አላወቀም። ደርግን የሚወጋው ኢዲዩ በዚያው በደረስጌ ተራራ በኩል ገብቷል እየተባለ በሚወራበት ሰሞን እንዲህ ማለት ምን እንደሚያመጣ ግን አሳምሮ ያውቃል። የፈለገው ማስተማሩ እንዲመለስለት ብቻ ነበር። በማግሥቱ አንዲት ላንድሮቨር ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆመች፤ መሪጌታን ጭና ወደ ጎንደር ወረደች። ማስተማሩም ለላቀው ተመለሰለት።

ከረባቱን አጥብቆ ገባ። «መሪጌታ የት ሄዱ?» ብሎም ጠየቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መቋሚያው ጥግ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ላቀው ፊቱን ከመቋሚያው አዞረና «በቴክ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችሁ» አለ።

ቀድሞ ደብተሩን ያቀረበው ዶክተር ሹ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ «የኔታችንን ወሰዷቸው» ይላል። «የኔታ» የምትለዋን ብቻ በእኛው ፊደል፣ ጀማሪ ተማሪ እንደሚጽፈው አጣምሞ አስቀምጧታል።

ላቀው ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ ስሕተት ፈለገ። ግሱን አየ፣ ጊዜውን አየ፤ ባለቤቱ «እነሱ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ስሕተት ቢያገኝባት ምንኛ በወደደ! አላገኘም። ሦስቱ ሐኪሞች እንደ ቆሙ እጁን ይመለከታሉ። ከዓረፍተ ነገሩ ጎን የትክክል ምልክት አደረገ።