ወፍራሟ ነጥብ

ዶክተሯ እርሾዬ የተዘራበትን ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። "ይሄ ርእስ አያዋጣም። ሌላ ፈልጊ፤ በሚቀጥለው ሰኞ እንነጋገራለን" አሉኝ። የመመረቂያ ሥራዬን ሊዘጉት ነው።

የእርሾ ሕዋስ ሲከፈል ልጅ ከእናቷ ጎን እንደ ቡቃያ ታድጋለች። ክሮሞሶሞቹን ለሁለቱ የሚያካፍል መቀስ አለ፤ መቀሱን ደግሞ አስሮ የያዘ ፕሮቲን አለ። ጊዜው ሲደርስ አንድ የፕሮቲኖች ጥምረት በአሳሪው ላይ የመፍረስ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ሌላው ምልክቱን አይቶ ይቦጫጭቀዋል። በእኔ እርሾ ምልክት ለጣፊው ጉድለት አለበት፤ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይለግማል። ስለዚህ ሙቀት ውስጥ እናትና ልጅ ተጣብቀው መቅረት ነበረባቸው። የእኔዎቹ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይባዙ ነበር።

"እርሾሽ አንቺን አልወጣም፤ የተባለውን አይሰማም" አለኝ ጎምላላው። የቤተ ሙከራችን ታላቅ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው በአረማመዱ ነው። ሳህኑን ያዘጋጀልኝም እሱ ነበር፤ በአሮጌው ሳህን ላይ እንደ ነጥብ ከበቀሉት የእርሾ ክምሮች አንዷን ጭሮ ነው የዘራው።

"ከየትኛዋ ነጥብ ነው የዘራህልኝ?"

"ከወፍራሟ ነዋ። የከሳ በሬ የሚገዛ አለ እንዴ?"

ያኔ ገባኝ። ሁላችንም የምንመርጠው ወፍራሟን ነው፤ ዶክተሯም ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ለጤነኛ እርሾ ልክ ነው። በታመመ ዘር መካከል ለብቻዋ የወፈረች ካለች ግን ከበሽታው ያመለጠች ናት።

ማታ እህቴ የነርስነት ጋውኗን እየተኮሰች ሁሉንም ሰማችኝ። "ታዲያ ለዶክተሯ ነገርሻቸው?"

"ገና።"

"አፍሽን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?"

"መጀመሪያ እርሾው ይናገር።"

በማግስቱ ከበረዶው ማስቀመጫ ዋናውን ዘር አውጥቼ እንደገና ዘራሁ። ነጥቦቹ ሲወጡ ከትንንሾቹ አንዷን ጫርኩ፤ ጠርሙስ ውስጥ በቅዝቃዜ አባዝቼ ሰኞ ጠዋት ማሞቂያው ውስጥ አስገባሁት።

ሰኞ ዶክተሯ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ሕዋሶቹ ሁሉ ልጃቸውን እንዳዘሉ ቆመዋል።

"ሞተው ቢሆንስ?" አሉ ቀና ሳይሉ።

"አልሞቱም። ትንሽ ይጠብቁኝ።"

ጠርሙሱን ከማሞቂያው አውጥቼ ቀዝቀዝ ያለው ክፍል አስገባሁት። ዶክተሯ ቦርሳቸውን አንስተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። ጎምላላውም ከበሩ አልራቀም። ቆይቼ ጠብታ አምጥቼ ከሌንሱ ሥር አደረግሁ። እናቶቹ ልጆቻቸውን መልቀቅ ጀምረዋል።

ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አዩ። "ወፍራሟን ጫሩ ያልኳችሁ እኔ ነኝ አይደል?"

"አዎ ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት።"

ጎምላላው ጣሪያውን አየ። ዶክተሯ ሳቁ። "ያቺን ወፍራምስ ጣልሻት?"

"ፍሪጅ ውስጥ ናት። እንዴት እንዳመለጠች ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ርእስሽ ሁለት ሆነ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ከየት እንደምትጀምሪ ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው።