ቫልቩን የዘጋው ሰው

በኢራኗ የነዳጅ ከተማ በአባዳን ጉራ ነውር አይደለም። አመሻሽ ላይ ወንዙ ዳር የሚቀመጡ ወንዶች አንዱ የነዛውን ሌላው አይጠራጠርም፤ አስበልጦ ይነዛል እንጂ። አንዱ ባለ አሥር ኪሎ ዓሣ በእጄ ያዝኩ ካለ፣ ቀጣዩ ዓሣው ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶ በር አንኳኳ ይላል። ክልክሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ይሄ እንኳ እውነት ነው" ማለት። እንዲያ ያለ ሰው ለሳምንት መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ እውነትም ከባድም የሆነ ነገር ያለው ሰው ወንዙ ዳር አያወጣውም፤ ይዞት ቤቱ ይገባል።

ቦርዙ እንዲህ ያለ አንድ ነገር ነበረው። ሰላሳ ዓመት በነዳጅ ማጣሪያው ቧንቧ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በጉራ ከማንም የማያንስ ሰው ነው። ከኢራቅ ጋር የነበረው ጦርነት የጀመረ ሰሞን ማጣሪያው ሲነድ፣ ሚስቱ ጎልናር የሁለት ዓመት ልጃቸውን ፈርዛኔን ታቅፋ ጀልባ ላይ ስትጠብቀው፣ እሱ ወደ እሳቱ ተመልሶ በሠራተኞች ሰፈር በኩል የሚያልፈውን ቧንቧ ቫልቭ ዘጋ፤ ባይዘጋው ሰፈሩ ይነድ ነበር። የቫልቩ መሪ ግሎ ስለነበር ሸሚዙን አውልቆ ጠመጠመበት። ሲመለስ ጀልባው ሄዷል። ሚስቱን ያገኛት ከሦስት ወር በኋላ ሺራዝ ከተማ ውስጥ ነው።

እዚያም ሲደርስ አመሉ አለቀቀውም። ነገሩን እንዳለ መናገር ሲገባው፣ እሳቱን እፍ ብሎ እንዳጠፋው አድርጎ ጀመረላት። ጎልናር አላስጨረሰችውም። የቀረኸው ለአዲሱ ፍሪጅ ሳስተህ ነው አለችው። ፍሪጁ ከተገዛ ወሩ ነበር፤ ቦርዙም በቀን ሦስት ጊዜ ይወለውለው ነበርና ማን ይፈርድባታል። ጦርነቱ ሲያልቅ እሱ ወደ ሥራው ሲመለስ እሷ አልመለስም ብላ ሺራዝ ቀረች። ይህንኑ እንዳመነች ሞተች። ልጅቷም አባቴ በፍሪጅ ለወጠን ማለትን በቀልድ ጀምራው ነበር፤ እያደር ግን ቀልዱ ጠፋና ቃሉ ብቻ ቀረ።

ቫልቩን ሲዘጋ ያየው አንድ ሰው ነው፣ ፈርዛኔ አሙ፣ አጎቴ፣ የምትለው የሥራ ጓደኛው ጃቢር። ባለፈው ዓመት ከተማው ውስጥ አንድ አሮጌ ወርክሾፕ ሙዚየም ሲሆን፣ የድሮ ሠራተኞች እየተጠሩ ትዝታቸውን በድምፅ አስቀረጹ። ቦርዙ ያን ጊዜ ወገቡን አሞት ተኝቶ ነበር። ጃቢር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ግድ የለህም ካካ፣ ወንድሜ፣ ያንተን እኔ እነግርልሃለሁ አለው። ሄዶ ነግሮም መጣ። ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ቫልቩም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል አለ። ቦርዙ ሙዚየሙ ደጃፍ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሳይገባ ተመለሰ። መጀመሪያ የሚሰማው ከልጁ ጋር እንዲሆን ፈልጎ ነበር። እሱ ቢነግራት ጉራ ነው ትላለች፤ ሙዚየም ግን ጉራ አይነዛም።

በፀደይ ፈርዛኔ ለሦስት ቀን መጣች። ቦርዙ ሙዚየሙን ለመጨረሻው ቀን አስቀመጠው። መጀመሪያ የበርማ ሠራተኞች ወንዙ ዳር የሠሩትን መስጊድ አሳያት፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን አበቦች አያቴ ነው የሳለው አላት። አያቱ ብሩሽ ጨብጦ እንደማያውቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ሌላ ሙዚየም የሆነውን አሮጌ ቤንዚን ማደያ አሳያትና የመጀመሪያውን መኪና የሞላሁት እኔ ነኝ አለ፤ ማደያው እሱ ከመወለዱ ሃያ ዓመት በፊት የተከፈተ ነው። ፈርዛኔ ትስቅ ነበር። እንዲህ አብሯት ሲስቅ ከስንት ዓመቱ ነው፤ ሳምቡሳ ገዝቶ ቆመው ሲበሉ፣ ቃሪያው አፉን አቃጥሎት እንኳ ደስ ብሎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሙዚየም የሆነው ወርክሾፕ ደረሱ። ቦርዙ የቀብርና የሰርግ ኮቱን ለብሷል። ቫልቩ እውነትም ግድግዳው ላይ ነበር፤ ቀይ ቀለም ቀብተው አሳምረውታል። ከሥሩ አንድ የድሮ ስልክ አለ፤ እጀታውን ያነሳ ሰው የተቀረጸውን ይሰማል። እጀታው አንድ ብቻ ስለሆነ ለልጁ ሰጣትና ፊቷን እያየ ቆመ።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥሎ ፈገግታው ጠፋና ቫልቩን ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቦርዙ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው፤ ኮቱን ቆለፈ፣ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ይሄኔ እናትየዋም በነበረች ብሎ አሰበ።

ፈርዛኔ እጀታውን ከጆሮዋ አነሳች። "አሙ ጃቢር እንዲህ ያለ ሰው መሆኑን ለምን አልነገርከኝም?" አለችው።

ቦርዙ እጀታውን ተቀበላት። የጃቢር ድምፅ ነው። ተመለስኩ ይላል። መሪው ግሎ ነበር፣ ሸሚዜን አውልቄ ጠመጠምኩበት ይላል። አንድም ነገር አልቀየረም፤ "እሱ" የሚለውን በሙሉ "እኔ" አድርጎታል፣ በቃ። ቦርዙ ከዚያ በላይ ሊመጣ አይችልም ብሎ ሊዘጋው ሲል፣ መጨረሻው መጣ። "ቦርዙ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ባለቤትና ልጅ ነበረውና ሂድ አልኩት። ወዴት እንደገባ እንጃ፤ ጀልባው ላይ ግን አልነበረም አሉ።"

እጀታውን ቦታው ሊመልስ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ሳተው።

ጃቢር ራሱ ሩቅ አልነበረም። በየቀኑ እዚያ ይውላል ለካ፤ ከጥበቃው ጋር ሻይ ይጠጣል፣ ከጎብኚዎች ጋር ፎቶ ይነሳል። ያን ሰዓት በአውቶቡስ የመጡ ተማሪዎች ከበውት እየሳቁ ሲመጡ፣ ጃቢር ቦርዙን አየና ቀጥ አለ። ፈርዛኔ ቀድማ ሰላም አለችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ። የዘጉት እርስዎ ነዎት አይደል ስትለው፣ ጃቢር ተማሪዎቹን አየ፣ ቦርዙን አየ።

"ካካ፣ የማን እጅ እንደዘጋው ንገራት" አለ ቦርዙ። ድምፁ እንደ ወንዝ ዳሩ አልነበረም።

ጃቢር ጉሮሮውን ጠረገ። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አንስተው ይቀርጻሉ። ያኔ ጃቢር ሳቀ። "አያችሁት? ቫልቤንም ሊወስድብኝ ነው! ትናንት ደግሞ የወንዙን ዓሣ ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ ብሎናል።"

ሁሉም ሳቁ። ፈርዛኔም ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያሳቃት ያው አባቷ መስሏት ነው። ቦርዙ ሊናገር አፉን ከፈተ። የሚናገረው ቃል ሁሉ ግን ቀድሞ የተሳቀበት ነበር። አፉን ዘጋና ወደ በሩ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ታክሲ እየጠበቁ ሳለ ጃቢር ቆቡን በእጁ ይዞ ብቻውን መጣ። ቦርዙን ለማየት አልደፈረም፤ ፊቱን ወደ ልጅቷ አዞረ። ስትቀርጸኝ የነበረችው ሴት እርስዎስ የት ነበሩ እያለች ጠየቀችኝ፣ ማጣሪያው በር ላይ ተደብቄ ነበር ማለት አቃተኝ አለ። አንዴ "እኔ" ካልኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ልጄ፣ የዘጋው አባትሽ ነው። እኔ ፈርቼ ነበር" አለ።

ቦርዙ ወደ ልጁ ዞረ።

ፈርዛኔ ሽማግሌውን አየችው፤ ፊቷ ለሰለሰ። "አላህ ይስጥልኝ አሙ ጃቢር" አለች። "እንደርስዎ ያለ ጓደኛ ስላለው ደስ ብሎኛል። ግን ለሱ ብለው ክብርዎን አይስጡ። እኔ ከእንግዲህ አልቆጣውም።"

ጃቢር ደገመላት፤ ማለላት። በማለ ቁጥር የእሷ ዓይን ይበልጥ ያከብረው ነበር።

ታክሲው መጣ። ፈርዛኔ አባቷን ክንዱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። "ባባ፣ ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ" አለችው። ከልቧ ነበር፤ እሱም ከልቧ መሆኑን አወቀ። ለዚህች ቃል አርባ ዓመት ጠብቋል። ቃሏ ስትመጣ ግን የመጣችው ለእሱ ሳይሆን፣ ጀልባው ላይ ላልነበረው፣ ወዴት እንደገባ ለማይታወቀው ሰው ነው።

ጃቢር የታክሲውን በር ከፍቶ ይዞለት ቆመ፣ አንድ ቃል እንዲለው እየለመነ። ቦርዙ ገብቶ ተቀመጠ፣ ኮቱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ።

"ሂድ ግባ" አለው፣ ወደ ሙዚየሙ በአገጩ እያሳየ። "ልጆቹ ይጠብቁሃል።"