ባለመጋዟ እንግዳ

አናጢው አፉ ይቀድመዋል። ልጁ ልትዳር አንድ ወር ሲቀራት፣ ማንም ሳይጠይቀው «በሰርግሽ ቀን ሠላሳ ቢራቢሮ ከሣጥን አወጣልሻለሁ!» ብሎ ቃል ገባላት። ለአማቾቿ አወራ፤ ለፎቶ አንሺው አወራ፤ ለጣውላ ሻጩ ሳይቀር አወራ።

እጁ ላይ የነበሩት ግን ከሱቁ ደጃፍ ካለችው ጽጌረዳ የለቀማቸው አረንጓዴ ትሎች ናቸው። ሣጥን ሠራላቸው፣ አፈር ደለደለላቸው፣ ጠዋት ማታ ለጋ ቅጠል አቀረበላቸው። ጠግበው አፈር ውስጥ ገብተው ድር ለብሰው ሲተኙማ እንቅልፋቸውን እንዳይረብሽ ብሎ ማሽኑን አጥፍቶ ጣውላውን በእጁ ይልግ ጀመር።

ለሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀር ጎረቤቱ የባዮሎጂ መምህርቷ የተሰበረ ወንበር ይዛ መጣች። ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብላ፣ ሳትተኛ የቀረችውን አንዷን ትል አስተዋለቻት።

«ጋሼ፣ የሆዷን እግሮች ቆጥረዋቸዋል?»

«ትል ደግሞ ምን እግር አለው?»

«የቢራቢሮ ልጅ ብትሆን የሆዷ እግር ከአምስት ጥንድ አይበልጥም ነበር። ይቺ ስድስት አላት። የተርብ ዘመድ ናት፤ ስታድግ ዝንብ ነው የምትመስለው። አትናደፍም። ሴቷ ሆዷ ጫፍ ላይ መጋዝ አላት፤ የጽጌረዳ ቀንበጥ በሱ ሰንጥቃ እንቁላሏን ትሰካለች።»

«መጋዝ? ጥርስ ያለው?»

«ጥርስ ያለው።»

አናጢው ለአፍታ ሰርጉንም ረሳው። ወዲያው ግን ክው አለ። ልጁን በምርቃቷ ቀን በመኪና እወስድሻለሁ ብሎ በእግር የወሰዳት ሰው ነው፤ አሁን ደግሞ በአማቾቿ ፊት ሊያሳፍራት ነው። ሄዶ ነገራት።

«አዋረድኩሽ ልጄ። ሣጥኑን ልጣለው?»

ልጅቷ በሳቅ ፍርስ አለች። «አባዬ፣ ይዘሃቸው ካልመጣህ አላገባም!»

በሰርጉ ቀን ሣጥኑ ሲከፈት ራሳቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ብርቱካናማ የሆነ ዝንቦች ቱር ቱር እያሉ ወጡ። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደግኖ ቢራቢሮ ይጠብቃል። እንግዳው ሲያጉረመርም ሙሽራዪቱ ማይክሮፎኑን ነጠቀች።

«አትፍሩ! የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ መጋዛቸውን ይዘው ነው የመጡት!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። አናጢው ደስታው አላስችል ብሎት እንባውን በክራቫቱ ጠረገ።

አንዷ መጥታ ሙሽራዪቱ የያዘችው የጽጌረዳ እቅፍ ላይ አረፈች። ለጋ ቀንበጥ መርጣ፣ ሆዷን ቆልመም አድርጋ ሥራዋን ጀመረች። የሙሽራው እናት ሊያባርሯት እጃቸውን ሲያነሱ አናጢው ዘሎ ከፊታቸው ቆመ።

«በሕግ አምላክ! ሥራ ላይ ናት!»

ሙዚቀኞቹ ሳይቀሩ እስክትጨርስ ጠበቋት።