ልጁ የት ተኝቶ ነበር?

ማስሩል ልቦለዱን አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት ዕቅዱን በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ዘረጋው። «ቤት ያለ ምሰሶ አይቆምም» ይል ነበር። ተራኪው «እኔ» የሚል የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ልጁም ራሱ ማስሩል። መጽሐፉ ሁሉ የተደገፈው በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር፦ እናቱ አባቱን ከቤት ያባረረችበት ሌሊት። ልጁ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ሁሉንም ይሰማል።

የጎደለው፣ ወዳጆቼ፣ ቃሉ ብቻ ነበር። እናቱ ምን ብላ አባረረችው? ያን የምታውቅ ታላቅ እህቱ ሮስኒዳር ናት። በኢንዶኔዢያ፣ በሚናንግካባው ሕዝብ ዘንድ፣ ቤት የሴት ነውና፣ የእናታቸው ቤት ለእሷ ወርዷል። ማስሩል ግን ሚስቱ ስትሞት ከሚስቱ ቤት ወጥቶ፣ ገበያ ዳር ባለች ሻይ ቤት ጓዳ ውስጥ ያድራል።

አንድ ቀን ወረቀቱን ጠቅልሎ የእህቱን ደረጃ ወጣ።

«እትዬ፣ ያን ሌሊት እማዬ ምን አለችው?»

ሮስኒዳር ቀይ ቃሪያ ድንጋይ ላይ ትፈጭ ነበር። ዕቅዱን አስነብባው ስታበቃ ሳቀች።

«ከየትኛው መጋረጃ ጀርባ ነው የተኛኸው አንተ? ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ እንደ ወንዶቹ ሁሉ መስጊድ አይደል እንዴ ታድር የነበረው! ጠዋት መጥተህ ሩዝህን ዋጥ፣ ከዚያ ወደ ወንዝ።»

«ልቦለድ ነው እኮ፣ እትዬ። ይፈጠራል።»

«ከተፈጠረማ እኔ ጋ ምን አመጣህ?»

እሷም ፊቷን ከድንጋዩ ሳታነሳ፣ «እማዬ አላባረረችውም» አለች። «እንዳይሄድ እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው ነጋ። የሰማሁት እኔ ነኝ። እሷ ስትቀበርም አንተ አልነበርክ።»

ማስሩል ቀስ ብሎ እርሳሱን አወጣ። «እንግዲያው ‹እኔ› የሚለው አንቺ ሁኚ። በአንቺ አፍ ልጻፈው።»

«ወይ ድፍረት! ያን ሌሊት ብቻዬን ስሸከመው ኖሬ፣ ዛሬ ስም ልታተርፍበት?»

«እሺ፣ አንዲት ሌሊት እዚህ ልደር። ድምፅ እንዴት እንደሚሰማ ልወቅ።»

«የልጆቼ ባሎች ባሉበት ቤት? ወንድ የሚያድረው ሚስቱ ቤት ነው፤ አጎት ሆነህ እዚህ ብታድር አገሩ ምን ይለናል?» ሩዝ በሙዝ ቅጠል ቋጠረችለት። «በል፣ መንገድ ላይ ብላ።»

ወረደ እንጂ አልሄደም። ቤቱ በረጃጅም እንጨት ላይ የቆመ ነው፤ ከወለሉ ስር ዶሮ ይጭራል። አንድ ሐሳብ መጣለት፦ ልጁ ያን ሌሊት ከመስጊድ ሾልኮ እዚህ ቢደበቅስ? ጎንበስ ብሎ ገባ። ጆሮውን ወደ ሳንቃው አቀና።

«እማ፣ አጎቴ ሄደ?» የእህቱ ልጅ የዩልማይኒ ድምፅ ነው።

«ሄደ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«እኔስ አሳዘነኝ።»

«አትዘኚለት። ማደሪያ ፈልጎ ነው መጽሐፍ፣ መጽሐፍ የሚለው። ቁርጥ አባቱን! ሲሄድ አይሰናበት፣ ሲመጣ አያፍር። ሁለተኛ ከመጣ የለችም በይው።»

ማስሩል እንደጎበጠ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከአምስተኛው ምዕራፍ «መጋረጃ» የሚለውን ሰረዘና ከጎኑ ጻፈ፦

«ወለል ስር። ቃል በቃል ይሰማል።»