የላቱ ድርሻ

«ውፍረት የለው፣ ምን የለው!» አለች ሰሎማት የሻይ ስኒዋን እያስቀመጠች። «ፊቱ ላይ ሥጋ አልነበረም። እግሩስ ብትሉ? የሽመላ እግር! ወንድሜን ሞት በድንገት ነጠቀኝ እንጂ ምን በሽታ ነበረበት?»

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሟቹ ሚስት ሆሲያት ብቻ አልነቀነቀችም። ባሏ ቱርጉን ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የመጣው ሁሉ «ድንገት» ይላል፤ እሷ ዝም ትላለች፤ ሻይዋም ፊቷ ይቀዘቅዛል። ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ እንዲህ ብቻዋን የሆነችበት ጊዜ ትዝ አይላትም።

ቱርጉን በማርጊላን ከተማ የሐር ሸማኔ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ሲሠራ እጅና እግሩ እንደ ወጣትነቱ ቀጥነው ቀሩ፤ ሆዱ ብቻ ወደ ፊት ሄደ። ሰፈርተኛው «ቤትህ ጥጋብ ነው» እያለ ይመርቀው ነበር። ወይን በሚለቀምበት ሰሞን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛን ላይ አወጣችው። ቁጥሩን አይቶ «ሙሽራ ሳለሁ እንደነበርኩት ነኝ!» አለና ሳቀ። ነርሷ ግን ሜትሩን እምብርቱ ላይ አዙራ ለካችው እንጂ አልሳቀችም።

«አባባ፣ በሚዛኑ አይታለሉ። ይሄ ስብ ከቆዳ ሥር ብቻ አይደለም ያለው፤ ውስጥ ገብቶ ጉበትዎን ከቧል። ለልብም ለስኳርም ጥሩ አይደለም። ሐኪም ይይዎት።»

«ስብ አይደለም ልጄ፣ የሚስቴ እጅ ነው!»

አብራው ከነበረችው ከሆሲያት ጋር ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሳቁን ተወ። «ለልጁ እንዳትነግሪው፤ መሳቂያ ያደርገኛል» አላት። «እሺ» አለችው። ሐኪም ዘንድ ሳይሄድ የበረዶው ወራት ገባ፤ አንድ ማለዳ ክር እየቀጠለ ሳለ ልቡ ቆመ።

ሆሲያት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ልጇ ኢልሆም እንደ ወጉ ካባ ለብሶ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ በር ላይ ለቀስተኛ ይቀበላል። ፊቱ ቀጭን፣ እግሩ ቀጭን። መታጠቂያው ግን ሆዱ ላይ አልቆም ብሎ ከሥሩ ተንሸራቷል። የአባቱ ሆድ ነው።

በሐዘን ቤት ሦስት ቀን እሳት ስለማይነድ፣ ጎረቤቶቹ ከቤታቸው ፕሎቭ የሚባለውን በሥጋ የተሠራ ሩዝ አምጥተው ግቢው ውስጥ ለወንዶቹ አቀረቡ። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ከላዩ ያለውን የበግ ላት ወደ ኢልሆም ገፋ አደረጉለት።

«ብላ ልጄ። ከዛሬ ጀምሮ የአባትህ ድርሻ ያንተ ነው።»

ሆሲያት ተነሳች።

«ወዴት ነው? ወንዶቹ መሀል? ኧረ ነውር ነው!» ሰሎማት ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት። ሆሲያት አስለቀቀቻትና ወጣች።

ወንዶቹ አቀረቀሩ። ላቱን ከልጇ ፊት በእጇ አነሳችው።

«እማዬ!»

«አባትህም ቀጭን ነበሩ» አለችው። «ሆድዎ አደጋ ነው ብላ ነርሷ ነግራቸዋለች። እዚያው ነበርኩ። አትናገሪ አሉኝ፣ አልተናገርኩም። አንተን ግን ዝም ብዬ አልቀብርህም!»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከኋላዋ «ሐዘኑ አሳበዳት» ሲባል ሰማች። ኢልሆም ፊቱ ቀልቶ፣ ሳያያት ወደ በሩ ሄደ። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ሴቶቹ ከሚያስፈልጋት በላይ ሰፊ ቦታ ለቀቁላት። እስኪሄዱ ድረስ አንዳቸውም አላናገሯትም።

ሊመሻሽ ሲል ቧንቧው ሥር ሳህን ስታጥብ ኢልሆም መጣ። ካባውን አውልቆ የማገዶው ክምር ላይ ጣለው፤ የትምህርት ቤት ልብስ ልትሰፋለት ትለካው በነበረ ጊዜ እንደሚያደርገው እጆቹን ከጎኑ ከፈት አድርጎ ቆመ።

«ለኪኝ» አላት።

ሜትር አልነበራትም። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ወገቡን በክንዶቿ ዞረችው።

«ሆድህን አትሳብ።»

«አልሳብኩም።»

ጣቶቿ ከጀርባው ላይ አልተገናኙም። ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፋ፣ እንዳልተገናኙ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።