የሲስተር አዜብ ጠላ

ወንዶሰን ሮቤና ጎባን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያገናኝ ራሱም አያውቅም። ሚኒባሱ ሲሞላ ይነሳል፣ ሲደርስ ያራግፋል፣ እንደገና ይሞላል። ከሁሉም ግን የጠዋቷን ምልልስ ይለያታል። ጠዋት ጠዋት ጋቢና፣ ከጎኑ፣ ሲስተር አዜብ ትቀመጣለች።

አዜብ ጎባ ሆስፒታል አዋላጅ ናት። በምደባ ከሞጣ መጥታ ቤት የተከራየችው ግን ሮቤ ነው። ሰው “ለምን እዚያው ጎባ አትከራዪም?” ሲላት “ጎባ ይበርዳል” ትላለች፤ ሮቤ የማይበርድ ይመስል። ወንዶሰን ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አገላብጦታል። አንዳንድ ቀን በእሱ ምክንያት ይመስለዋል፣ አንዳንድ ቀን በኪራዩ። ጠይቆ መገላገል ይችል ነበር፤ ግን ሰው የሚያሞቀውን ነገር ገልጦ አያይም።

መንገዱ አጭር ነው። ግራና ቀኙ የስንዴ ማሳ፣ ፊት ለፊት ደመና የለበሰው ተራራ። እሷ ትናንት ስለተወለዱ ልጆች ታወራለች፣ እሱ “ሲስተር፣ እናትየውስ ደህና ናት?” ይላል። ከዚህ ያለፈ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ያለፈውን ሁሉ በማርሽ ነበር የሚናገረው፤ እሷ ያለችበት ቀን ጉድጓዱን እንቁላል እንደጫነ ሰው ይሻገረዋል፣ የኋላ ተሳፋሪዎችም “ዛሬ ሲስተር አለች” ይባባላሉ።

ሁለቱም የገብርኤል ማኅበርተኞች ናቸው። ወንዶሰን በአባቱ ቦታ ገባ፣ አዜብ ደግሞ አገር ለመልመድ። ተራዋ ደርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደግስ “የዚህን አገር ጌሾ አላውቀውም” ብላ ጌሾውን ከእናቷ አስመጣች። ከሥራ መልስ እንሥራ ስታጥን፣ አሻሮ ስታምስ ከረመች። የደረሰ ዕለት ጠላው በብርጭቆ ውስጥ ሲያዩት ሐዘን የሚያስረሳ ቀለም ነበረው።

የማኅበሩ አንጋፋ እማማ ሠርከአዲስ ናቸው። ከምላሳቸው ያለፈ ጠላ የለም። አንዱን “ውኃው ጥሩ ነው” ይሉታል፣ ሌላውን “ገብሱ አልሞተም” ይሉታል። የአዜብን ቀመሱ፣ ምንም አላሉም፣ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊት የታየው፣ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ የሞቱ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነው።

ወንዶሰን አንድ ብቻ ሊጠጣ ነበር የመጣው። ሚኒባሷ ደጅ ቆማለች፣ ወደ ጎባ የሚመለስ ተሳፋሪም አለ። አዜብ ግን ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጎንበስ አለችና “በሞቴ” አለች። በዚህ አገር “በሞቴ” ተብሎ እምቢ የሚል ሰው ቀባሪ አያገኝም። ጠጣ። ዞራ መጣች፣ “በሞቴ”። ጠጣ። ከሦስተኛው በኋላ ሳትለውም ጠጣ።

ተሳፋሪውን ጭኖ ተነሳና ገና ከሮቤ ሳይወጣ የባለፈረሱን የእሸቴን ጋሪ ገጨ። ጎማው ተሰበረ፣ ፈረሱ ማሰሪያውን በጥሶ ማሳ ውስጥ ገባ፣ እሸቴም ቦይ ውስጥ ተገኘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሙሉውን ነበር። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋ እያለቀሰች “ጠጥቷል! ጠጥቷል!” ትላለች። ለብዙ ቀን ከጆሮው ያልወጣው ይህ ድምፅ ነው።

ትራፊኩ ሳጂን ለሜሳ ቀስ ብሎ መጣ።

“ኦቦ ወንዶሰን፣ አካም ጅርታ?” ሲል ደህንነቱን ጠየቀው።

“አለሁ፣ ሳጂን።”

“አፉፊ” አለው፤ ንፋ ማለቱ ነው።

“መሣሪያው የታለ?”

“መሣሪያው ፊንፊኔ ነው። አፍንጫዬ እዚህ ነው።”

ነፋ። ሳጂን ለሜሳ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተና “ማነው የጠመቀው?” አለ። ከዚያ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለው።

ጠበቃው አቶ አቤሴሎም ጎባ ቢሮ አላቸው። ወንዶሰንን አስቀምጠው “ጠጥተሃል?” አሉት።

“ጠጥቻለሁ።”

“አልሰማሁም።”

“ጠጥቻለሁ አልኩ!”

“ልጄ፣ ጠበቃ አልሰማሁም ካለ አልሰማም ማለት ነው። አሁን ስማኝ። ጠጥቶ መንዳት ከተረጋገጠ መቀጮ አለ፣ መንጃ ፈቃድህም ይታገዳል። የጥንቃቄ ጉድለት ብቻ ከሆነ መቀጮህን ከፍለህ ነገ ትነዳለህ። ያላቸው ማስረጃ አፍንጫ ነው። አፍንጫ ደግሞ ጠላና ቀሪቦ አይለይም እንላለን።”

“ማኅበር ላይ ቀሪቦ?” ቀሪቦ ከተቆላ ገብስና ከስኳር የሚሠራ፣ ሕፃን ጠጥቶ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ነገር ነው።

“ለምን አይሆንም? የደገሰችው ሴት ቀርባ ቀሪቦ ነበር ካለች አለቀ።”

አቶ አቤሴሎም ብዙ ሕግ ያውቃሉ፤ ቤታቸው ጠላ የምትጠምቀው ሚስታቸው ስለሆነች ግን አንድ ነገር አልገባቸውም። ማኅበርተኛን ቀሪቦ አጠጣች የተባለች ሴት፣ ያውም በመጀመሪያ ተራዋ፣ ሮቤ ውስጥ ስሟ ከዚያ በኋላ ቀሪቦ ነው።

ቢሆንም መንጃ ፈቃዱ ጠዋቱ ነበር። ጠዋቱም እሷ።

በማግስቱ በሌላ ሰው ሚኒባስ ከኋላ ተቀምጦ ወደ ጎባ ሄደ። ጋቢና የሚታየው የአዜብ ነጠላ ጫፍና ግማሽ ጆሮዋ ነበር። ሾፌሩ አንድ ነገር አላት፣ ሳቀች። ምን እንዳላት አልሰማም። ሰውየው ጉድጓዱን ሁሉ እየገባበት ይሄዳል፣ እሷም ትናጣለች፣ ግን ትስቃለች። ወንዶሰን ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ በእግሩ ፍሬን ሲይዝ ጎኑ የተቀመጡት ሽማግሌ “ምን ሆንክ? ቁርጠት ነው?” አሉት።

ሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰባት። መሬት መሬት እያየ ነገሩን ተናገረ። ሲጨርስ ልብሱን አልፎ ላብ ወጥቶት ነበር፤ ጎባ እንደሚበርድ እየታወቀ።

“ቀሪቦ ነው ልበል?”

“እምቢ ካልሽ አይከፋኝም፣ ሲስተር።”

“እሺ” አለች።

ቶሎ አለችው። ደስ ሊለው ሲገባ ቶሎ ማለቷ ከነከነው።

የቀጠሮው ቀን ማኅበርተኛው “ልጃችንን እንደግፍ” ብሎ የፍርድ ቤቱን አግዳሚ ሞላው። እማማ ሠርከአዲስ ፊት ለፊት ተቀምጠው መቋሚያቸውን ዳኛው ላይ ያነጣጠሩ ይመስላሉ። አዜብ ከበሩ ውጭ ወንዶሰንን ጠራችው።

“ዝውውሬ ወጣ” አለችው። “ባሕር ዳር። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።”

እሱ “እንኳን ደስ አለሽ” ለማለት አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን “መቼ ጠይቀሽ ነው?” የሚል ነበር።

“ድሮ። ሳላውቅህ። ረስቼው ነበር።” ነጠላዋን አስተካከለች። “ስለዚህ አትሳቀቅ። ቢስቁብኝ የምሰማው እኔ አይደለሁም። አንተ ግን የጠዋት መንገድህ ይቆይልህ።”

ስማቸው ተጠራ።

ችሎቱ በኦሮምኛ ነው። አዜብ “አካም” ከማለት አልፋ ስለማትችል አስተርጓሚ ቆመላት። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ማለች፤ ወንዶሰን እጇን አየ። ስንት ሕፃን የተቀበለች ሴት አሁን ለእሱ ስትል በሐሰት ልትመሰክር ነው። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

“ፈርሶ ሞ ቀሪቦ?” ጠላ ነው ወይስ ቀሪቦ?

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ሲጠርግ ወንዶሰን ተነሳ።

“ፈርሶ” አለ።

“የተጠየቀችው እሷ ናት። ተቀመጥ!”

እሱ በዚያው በኦሮምኛ ቀጠለ። “እሷ አትጠየቅ፣ ክቡር ዳኛ። የጠጣሁት እኔ ነኝ። ጠላ ነው። ብዙ ጠጣሁ። ጋሪውን ያየሁት ከገጨሁት በኋላ ነው። ከኋላ ወንበር ሕፃን ነበረ። በጣም ጥሩ ጠላ ነበር።”

አቶ አቤሴሎም ዶሴያቸውን ዘጉ። አዜብ አንዴ አስተርጓሚውን፣ አንዴ ወንዶሰንን ታያለች። እማማ ሠርከአዲስ፣ እዚያው አገር ስላረጁ አንድም ቃል አላመለጣቸውም፤ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

“‘በጣም ጥሩ’ የሚለው አይጻፍ” አሉ ዳኛው ለጸሐፊዋ።

“ይጻፍልኝ፣ ክቡር ዳኛ። ማሎ” ሲል ለመነ።

ዳኛው ትንሽ አዩት። “ጻፊለት” አሉ። ከዚያ ቀጡት፣ መንጃ ፈቃዱንም አገዱ።

ውጭ አዜብ እጁን ያዘችው። “ምን አልካቸው? አስተርጓሚው ዝም አለኝ እኮ!”

“ጠላ ነው አልኳቸው።”

“እኔ ቀሪቦ ነው ልልልህ ነበር! ምላስ የለኝም እንዴ?”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“አንቺ ትሄጃለሽ” አለ። “እዚህ የሚቀረው ስምሽ ነው። ከእሱ ጋር የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ።”

“ሞኝ” አለች። ፊቷን አዞረች። ሌላም ነገር ልትል የነበረ ይመስላል፤ እማማ ሠርከአዲስ ደርሰው አንገቷን አቅፈው ይስሟት ጀመር።

የሄደች ቀን ሻንጣዋን በባጃጅ መናኸሪያ አደረሰላት። አውቶቡሱ ላይ ሾፌሩ አጠገብ ቦታ ለመነላትና ለሾፌሩ “ጉድጓዱን ተጠንቀቅላት” አለው። ሾፌሩ “የትኛውን?” አለ። ወንዶሰን ከሮቤ ጀምሮ ሊነግረው ሲል አውቶቡሱ ተነሳ።

አሁን በየወሩ ወደ ማኅበሩ በእግሩ ይሄዳል። ጠላ ሲቀዳለት ግማሽ ላይ እጁን ይጋርዳል። የተረኛዋ ጠላ ሲቀመስ ሁሉም ወደ እማማ ሠርከአዲስ ያያል።

“ደኅና ነው” ይላሉ። “ግን መንጃ ፈቃድ አይነጥቅም።”

ቤቱ በሳቅ ያውካካል። አንዱ ተነስቶ ፍርድ ቤት የመሰከረለት ጠላ የአዜብ ብቻ ነው ይላል፣ ሌላው ጌሾው ከሞጣ መምጣቱን ያስታውሳል። ወንዶሰን አይናገርም። ጥግ ይዞ፣ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ስሟን ሌላ ሰው እስኪጠራው ይጠብቃል። እሱ ሲጠራው ሩቅ ያለች ትሆንበታለች፤ በሰው አፍ ሲሰማው ግን ወጥ ልታመጣ ጓዳ የገባች ይመስለዋል።