የራውጎ ዱር

«እስቲ አስበው» አለ ከሰል ነጋዴው ሳልፉ፣ ምንጣፉ ላይ ወደ ኖአጋ ጠጋ ብሎ። «ወንድምህ ሄደ። በልማዳችን ከልጅ በፊት ወንድም ነውና መሬቱ ካሁን በኋላ ባንተ ቃል ነው የሚያድረው። ያ ሁሉ እንጨት ለማን ብሎ ነው የሚቆመው?»

ኖአጋ የያዘውን ቅል ወደ አፉ አስጠጋ። ዳሱ በለቀስተኛ ሞልቷል። የማሽላ ጠላ በቅል ይዞራል። አዲስ የገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ «ፈጣሪ ያጽናህ፤ ያን ዱር ያበቀለ ሰው ነው የሄደብህ» ይለዋል። ሬሳው ከተቀበረ ጀምሮ ኖአጋ ስለ ዱሩ ያልሰማበት ሰዓት የለም።

«ለቅሶው ይውጣ» አለ በመጨረሻ። «ይውጣና ሰዎችህን ይዘህ ና።»

ሳልፉ ጉልበቱን መታ መታ አድርጎለት ጠላውን አነሳ።

ኖአጋ ልጅ ሳለ ቦታው ዱር አልነበረም። ጠፍ ነበር፤ ያቴንጋ አገር ውስጥ እንዳለው ጠፍ ሁሉ፣ ዶማ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ የሚጮህ። ድርቁ ሰዉን ወደ ደቡብ ሲያሰድደው ታላቅ ወንድሙ ራውጎ አልሄድም ብሎ ቀረ። በበጋ፣ አቧራው ዓይን በማያስገልጥበት ወራት፣ ሰሃን ሰሃን የሚያህል ጉድጓድ እየቆፈረ ፍግ ይጨምርበታል። ምስጥ ፍጉን ተከትሎ መሬቱን ይበሳዋል፤ ክረምት ሲገባ ዝናቡ በዚያው ቀዳዳ ይሰርጋል። ጎርፉን የሚያዘገይ የድንጋይ እርከን ደግሞ ያስፈልጋል። ድንጋዩን የተሸከመው ማን ነው? ኖአጋ ነዋ። ገና ፊደል ለይቶ ማንበብ ሲጀምር ከትምህርት ቤት ወጥቶ፣ አናቱ እስኪመለጥ ተሸከመ። ከማሽላው መሃል የዛፍ ቡቃያ ብቅ ሲል ጎረቤቱ «አረም ነው፣ ንቀለው» ቢልም ራውጎ አላስነካም አለ። ዱር የሆነው ያ አረም ነው።

በኋላ የተማሩት ከከተማ መጡ፤ ሊያዩ፣ ፎቶ ሊያነሱ። «አንተ ትንሽ ዘወር በልልን፣ ዛፉን ጋረድከው» አሉት ኖአጋን። ራውጎ ሰማ፤ ምንም አላለም። ሌላ ጊዜ ኖአጋ ለዶማው እጀታ አንዲት እርጥብ ቅርንጫፍ ቢቆርጥ፣ የገዛ ወንድሙ ሽማግሌ ፊት አቁሞ እንደ ሌባ አስወቀሰው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ከበሮው ምቱን ለወጠ። ሰዉ ወደ ግቢው መሃል ዞረ። ታላቶ ወጣች።

ታላቶ የራውጎ ልጅ ሚስት ናት። በአገሩ የለቅሶ ልማድ ከሌላ ዘር የመጣች ምራት የሟቹን ልብስ ለብሳ፣ ከዘራውን ይዛ፣ እሱን ትሆናለች፤ ለቅሶው እስኪያበቃ የምትጠራውም በሱ ስም ነው። ሰፊውን ሰማያዊ ቀሚሱን አጥልቃ፣ ግራ እግሯን ጎተት እያደረገች፣ በየርምጃው ቆም ብላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ቁርጥ ራውጎን። ኖፖኮ፣ የሟቹ ሚስት፣ አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ታልቅስ ትሳቅ አልታወቀም።

«ራውጎ፣ በማለዳ ወዴት ነው?» አለ አንዱ።

«ምን አገባህ» አለች ታላቶ በወፍራም ድምፅ። «ፍየልህን ሰብስብ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ዱሩ ዳር የደረሰች መስላ ግራ ቀኙን ቃኘች። ቅርጫት ከራሷ እንደሚያወርድ ሰው ጎንበስ አለችና በእጇ እያፈሰች ከጉድጓድ ጉድጓድ መዞር ጀመረች። ሴቶቹ ገና ከመጀመሯ መንፈቅፈቅ ያዙ።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ኖአጋ።

«ፍግ እየጨመረ ነዋ» አለች ኖፖኮ። «አንተ ማሳ ላይ።»

«እኔ ማሳ?»

«በየበጋው ነው እኮ። ውሃ የምንወርድ ሴቶች ሁላችን እናየው ነበር። አንተ ፀሐይ ካልሞቀህ መች ትነሳና።»

የራሱ ማሽላ ከወንድሙ ማሽላ እኩል በቆመ ቁጥር ኖአጋ «የገዛ እጄ ሥራ ነው» ሲል ኖሯል። በየጠላ ቤቱ ፎክሮበታል።

ታላቶ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ቀስ በሉ፣ እንዳይነቃ። ካወቀ ያኮርፋል።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። የኖአጋን ኩርፊያ የማያውቅ በመንደሩ የለም። እሱ ብቻ ቅሉን እንደያዘ ቀረ።

«የሴት ጨዋታ ነው፣ ተወው» አለ ሳልፉ። «ታዲያ ሰዎቼን ይዤ ልምጣ?»

«ባለቤቱ እዚያ ቆሟል» አለ ኖአጋ ወደ ታላቶ እያመለከተ። «ጠይቀው።»

«ከምራት ጋር ነው እንዴ የምዋዋለው?»

«ከራውጎ ጋር።»

ሳልፉ ነገሩን ቀልድ ሊያስመስለው ፈገግ ብሎ ተነሳ። «ራውጎ፣ ዱሩን ለከሰል ትሰጠኛለህ?»

ከበሮው ቆመ። ታላቶ ከዘራው ላይ ተደግፋ ነጋዴውን ረጋ ብላ አየችው። ከዚያ ዞረች።

«ኖአጋ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ራውጎ በሕይወት ሳለ ይህን ጠይቆት አያውቅም። ዳሱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ኖአጋ መሬት መሬቱን አየ።

«አይቆረጥም፣ ጋሼ» አለ። «ድንጋዩን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አይቆረጥም።»

ሳልፉ ጫማውን ፍለጋ ሄደ።

ታላቶን አልቧታል። ኖአጋ ውሃ በቅል ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። ልትቀበለው ስትል የቀሚሱ እጅጌ ወርዶ ጣቶቿን ዋጣቸው። ቅሉን መሬት አስቀመጠና ፊቷ ተንበረከከ። እጅጌውን አንድ ጊዜ አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው፤ ጨርቁን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«አሁን ጠጣ» አላት።